ደግፌን በሞተር ያደረስኩ ቀን

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ሚያዝያ ውስጥ ነበር፤ የበልጉ ዝናብ አላቆም ብሎ የወልቂጤ መንገድ ጭቃ በጭቃ የሆነበት ሰሞን። ብዙ ክፉ ቀን አሳልፌ ረስቻለሁ። ይህን ግን ሞተሬን አስነስቼ ክላክስ በነካሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ክላክስ ደግሞ በእኛ መንገድ ላይ ሳይነኩ መዋል አይቻልም፤ ፍየሉም ባጃጁም ካልጮኹበት አይሰማም።

ስሜ ይርጋ ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። ወልቂጤ የመጣሁት በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ነው፤ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። መሥሪያ ቤት ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ሁሉም "ጎጃሜው" ነው የሚለኝ። ይህን ስም ያወጣልኝ ደግፌ ነው።

ደግፌ የመስቃን ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ከቡታጅራ ወደ ቆሼ ሲኬድ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። አንድ ቢሮ ነን፣ ጠረጴዛችን ትይዩ ነው፣ ምሳም አብረን ነው የምንበላው። ወሬ አያልቅበትም። አንድ ቀን ዝም ካለ ሰው ሁሉ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ጉራጊኛ ሊያስተምረኝ ያልሞከረው ሙከራ የለም፤ እኔ ግን ከሰላምታና ከምግብ ስም አላለፍኩም። "አንተ እኮ የገባህ ክትፎ ብቻ ነው" ብሎ ተስፋ ቆርጦብኛል።

ያን ዕለት ጠዋት ገና ከቤት ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ። የደግፌ እህት ወርቅነሽ ናት። ሁለት ጊዜ ከእሱ ጋር ቤታቸው ሄጄ ስለነበር አውቃታለሁ። ደህና አደርሽ ወይ አልኳት። አልመለሰችልኝም።

"ይርጋ ወንድሜ፣ እማዬ አረፈች" አለችኝ።

ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ የማደርገውን ትነግረኝ ጀመር። ለደግፌ እናትህ ታማለች፣ ቶሎ ና ብለውታል። መሞቷን እንዳይሰማ። ነዳጅ ከጠፋ ሰንብቶ ሚኒባሶቹ ሁሉ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ነበርና በሞተርህ አምጣልኝ አለች። ስልኩን ከእጁ ውሰድበት፣ አንዱ ደውሎ ነፍስ ይማር እንዳይለው። ቤት ድረስ እንዳታመጣው፣ ድንኳኑን ያየዋል። መንገድ ዳር አጎታችን ቤት አድርሰው፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እዚያ ይነግሩታል።

"ቀብሩን እሱ እስኪደርስ እናቆየዋለን። አደራህን ይርጋ፤ ሞተር ላይ እንዳለ ከሰማ ራሱን ነው የሚጥለው" ብላ ዘጋችው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኔም አላጣሁትም፤ በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ሰው "ታመዋል" ተብሎ ይጠራል፣ ሲደርስ ደጋፊ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይነገረዋል። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባቶች ግን የሚያውቀውና የማያውቀው አንድ ሞተር ላይ ተጣብቀው ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ደግፌን ከቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ላይ ጭንቀት አለ፣ ግን የታመመ ሰው ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ጭንቀት ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል፤ ደግነቱ አልገባ ብሎታል።

"ስልክህን አምጣ። ዝናብ ነው፣ የእኔ ጃኬት ውሃ አያስገባም" አልኩት።

"ያንተ ጃኬት? እንደ ወንፊት የሚያፈሰው?" ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሰጠኝ። ተቀብዬ ጥፍት አድርጌ ኪሴ ከተትኩት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይሄ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁጥር የለውም።

እንሂድ ስለው እምቢ አለ። ገበያ ካልደረስኩ አለ። "እማዬ ብርድ አትችልም። ምን ሆነች ብትለኝ ብርድ ነው የመታት። ወፍራም ብርድ ልብስ ሳልይዝላት አልሄድም።" ምን ልበለው? አያስፈልጋትም ልበለው? ሱቅ ለሱቅ ሲዞር፣ እየዳበሰ ሲያማርጥ ቆሜ አየሁት። በመጨረሻ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት፣ በዚፕ በሚዘጋ ፕላስቲክ የታሸገ አንዱን መረጠ። "ይሄን ስታይ ለጎረቤት ካላሳየሁ ብላ ነው የምትነሳው" አለኝ።

ብርድ ልብሱን በእኔ ጀርባና በእሱ ደረት መካከል አድርጎ ተቀመጠ። ወጣን።

ዋናውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል ስለተባልን ከጉብሬ በኋላ የገጠሩን መንገድ ይዘን ወደ ደጋው ወጣን። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፣ ላዩ ጉም ነው። ድንጋዩና ጭቃው ሞተሩን እንደ በሬ ያስጎትታል። ደግፌ ከኋላዬ ሆኖ ያወራል። ሌላ ጊዜ ነፋሱ ወሬውን ይወስድልኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከብርድ ልብሱ በላይ አንገቱን አስግጎ እያንዳንዷን ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይጨምራታል። ወሬው ሁሉ ስለ እናቱ ነው።

መጀመሪያ በተዋሰው ሞተር ቤት የገባ ጊዜ እናቱ "ይህን የሰይጣን ፈረስ ከግቢዬ አውጣ" ብለው አንድ ቀን ሙሉ አላናገሩትም። በማግሥቱ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግን ቀስ ብለው መጡና "እስቲ ጫነኝ" አሉት። ወገቤን ያዢ ሲላቸው እምቢ ብለው ሁለቱን ጆሮውን ይዘው ግቢውን ዞሩ።

"ወደ ግራ ስትፈልግ ግራ ጆሮዬን ትስባለች! እኔ ነኝ ነጂው እሷ?" እያለ ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። ሄልሜት ደግ ነገር ነው፣ መስታወቱን ዝቅ ካደረጉት ማን ያያል? ችግሩ ጉም ይይዘውና መንገዱ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ልከተን ነበር።

እናቱ እኔንም ያውቁኝ ነበር። "ያ ከሲታ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። ሁለተኛ ጊዜ ቤታቸው ስሄድ የጃኬቴን ኪስ በቆሎ ሞልተው፣ ሲሞላ ሌላኛውን ኪስ ሞልተው ነው የሸኙኝ። ይህን ደግፌ አላነሳብኝም፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስታወስኩት። በቆሎው የነበረው አሁን የእሱን ስልክ በደበቅሁበት ኪስ ውስጥ ነው።

ደጋው ላይ ዝናቡ ጠንከር ሲል አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልን። ደግፌ እጁን ዘረጋ። "ስልኬን ስጠኝ፣ እማዬን ላናግራት።"

"ባትሪው አልቋል።"

"እንግዲያው ባንተ ደውልልኝ።"

ማምለጫ አልነበረኝም። ለወርቅነሽ ደወልኩ። እንዳነሳች "ደግፌ አጠገቤ ነው፣ እናቱን ማናገር ይፈልጋል" ብዬ ቶሎ ተናገርኩ። እሷም "ተኝታለች በለው፣ አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት" አለች። እሱ ስልኩን ቀማኝ። "ወርቄ፣ በላች ወይ? ሐኪሙ ምን አለ?" እያለ ይጠይቃል። በዚያው ሰዓት ከስልኩ ውስጥ ከሩቅ የሴቶች ዋይታ ሲመጣ ሰማሁ። እኔ ከሰማሁ እሱ አይሰማም?

ዘልዬ ሞተሩን አስነሳሁና ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። በረንዳው ተናወጠ። ደግፌ አንድ ጆሮውን ይዞ "ምን ሆነሃል አንተ ሰው! አልሰማትም እኮ!" ብሎ ጮኸብኝ።

"እርጥበት ገብቶበታል፣ እንዳይጠፋ ነው!" ብዬ መልሼ ጮህኩ። ጋዙን አልለቀቅሁም። ተስፋ ቆርጦ ዘጋው። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ብርዱ አጥንቴ ገባ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አይቶ ያሾፍብኛል። "ብርድ ልብሱን አውጣና አልብሰኝ" ብዬ ብቀልድ ፊቱ ኮስተር አለ። "ይሄ የእማዬ ነው። እሷ ሳትከፍተው ማንም አይከፍተውም።" ደግሞም የምሩን ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ አዳልጦን ሁለታችንም ጭቃ ላይ ስንዘረር፣ እሱ በጀርባው ወድቆ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ወደ ሰማይ ይዞት ነበር። ራሱ ከአናቱ እስከ እግሩ ጭቃ ሆኗል፣ ፕላስቲኩን ግን ጠብታ አልነካውም። "ተረፈ!" አለኝ እየሳቀ።

ቡታጅራ ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቀኑ አጋምሷል። ወርቅነሽ በመልእክት "ካህናቱ መጥተዋል፣ የት ደረሳችሁ?" ትለኛለች። ከባጃጅ መካከል ሹልክ ብዬ ላልፍ ስል ደግፌ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"ብርቱካን። በሽተኛ ባዶ እጄን አልጠይቅም።"

መንገድ ዳር ብርቱካን ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት ሴት ጋ አቆምኩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። ደግፌን ሲያዩ ብድግ አሉ። በጉራጊኛ አንድ ነገር ብለው ጭቃ የነካውን ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙትና ግራ ቀኝ ሳሙት። ብዙ ተናገሩ። የአገሩ ሴት መሆናቸው ገባኝ። እሱ በአንድ ቃል ብቻ መለሰላቸው። ሴትየዋ እንባ አውጥተው በነጠላቸው ጠረጉ።

እኔ ሞተሬ ላይ ተቀምጬ ፈገግ ብዬ አያለሁ። ጉራጌ ሲናፍቅ እንዲህ ነው ብዬ። እንዲያውም ከመቸኮሌ የተነሳ "እማማ፣ ብርቱካኑ ይጣፍጣል?" አልኳቸው። እንደ ዕብድ ነው ያዩኝ።

"ይጣፍጣል፣ እንሂድ" አለ ደግፌ።

"ምን አሉህ?"

"ምነው ጠፋህ ብላ ተቆጣችኝ።"

መጥቶ ከኋላዬ ተቀመጠ። ብርቱካን ሳይገዛ ነው የመጣው። "ብርቱካኑስ?" ስለው "ይቅር፣ እንዳይመሽብን" አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። ተገላገልኩ ብዬ ጋዙን ሰጠሁት።

ከከተማው ወጥተን የቆሼን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደሄድን ወሬው መቆሙን አስተዋልኩ። ደክሞት ነው አልኩ። እጁ ወገቤ ላይ ጠበቅ ብሎ ይዞኛል። ከዋናው መንገድ ልንገነጠል ስንል ትንሽ ድልድይ አለች፣ ከሥሯ ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ።

"አቁም። ፊቴን ልታጠብ" አለኝ። "በዚህ ጭቃ እማዬ ፊት አልቀርብም።"

ወርዶ ከድልድዩ ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ አለ። ቶሎ ይመለሳል ብዬ ሞተሩን አላጠፋሁትም። አልመጣም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ወርቅነሽ ናት፤ ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ካህናቱ ተቻኩለዋል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ ተሰቃይቼ በመጨረሻዋ ሰዓት ቀብሩ ሊያመልጠን ነው ብዬ ተቃጠልኩ። ክላክሱን ተጫንኩት። ዝም። ደገምኩት። ዝም። እጄን ሳላነሳ አስጮህኩት።

"ኧረ ደግፌ! ሰውዬ፣ ልትጠመቅ ነው እንዴ የገባኸው?" አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ተነስቶ መጣ። ፊቱ ርሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ድፍርሱ ውሃ ነው አልኩ። አጠገቤ ቆሞ ትንሽ አየኝ። ልብሴ ረጥቦ እንደ ቅጠል እርገፈገፋለሁ። የብርድ ልብሱን ዚፕ ስቦ ከፈተው፣ ዘረጋው፣ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፣ ጫፉን አንገቴ ሥር አሰረልኝ።

"የእናትህ አይደል እንዴ? ምን ታደርጋለህ!"

"አንተ በርዶሃል። ንዳ" አለኝ።

ነዳሁ። ትልልቅ ቀይ አበባ ለብሼ እንደ ንጉሥ።

አጎቱ ቤት በር ላይ አራት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ደግፌ ወረደና እያንዳንዳቸውን ጉልበት ስሞ ሰላም አለ። ቦታ ለቀቁለት፣ ተቀመጠ። ውሃ አመጡለት፣ ጠጣ። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለእኔም እንዲገባኝ ይሁን እንጃ በአማርኛ ጀመሩ። "ልጄ፣ እናትህ ታማ ነበር። ሰው ሆኖ የማይታመም የለም። ሐኪምም እግዜርም የየራሱን አደረገ..." ረጅም ነው። ደግፌ አንገቱን ደፍቶ አንድም ጊዜ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ነገሩን ሲጨርሱት ተነሳና "እማዬ!" ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። አራቱም ተረባርበው ያዙት።

ከእሱ ይልቅ ግን የእኔ ለቅሶ ነበር ሰፈሩን ያናወጠው። ከጠዋት ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው "ይሄኛው ደግሞ የማን ልጅ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ለቀብሩ ደረሰ። እናቱ አፈር ሲለብሱ አየ። እኔም አደራዬን በሚገባ ተወጣሁ ብዬ ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ።

ደግፌ የሐዘን ፈቃዱን ጨርሶ ሥራ በገባ በሳምንቱ ምሳ ላይ ሆነን ያን ቀን አነሳን። እኔ ስለ ውሸቶቼ ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። በረንዳው ላይ ለምን ጋዝ እንደሰጠሁ ነገርኩት። ትንሽ ፈገግ አለና "ያኔስ የምር እርጥበት መስሎኝ ነበር። የሰማሁት ቡታጅራ ነው" አለኝ።

"ቡታጅራ የት?"

"ብርቱካን ሻጯ። የሰፈራችን ሴት ናት፣ እግዜር ያጥናህ አለችኝ። ተነግሮት ነው የመጣው ብላ ነው እኮ።"

የጎረስኩት አፌ ውስጥ ቀረ። ሴትየዋ ፊቱን ይዘው ሲያለቅሱ እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ስስቅ፣ ይጣፍጣል ወይ ስል፣ ሁሉም መጣብኝ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"ብነግርህ ሞተሩን አቁመህ አስፋልቱ ላይ ልትንከባለል አይደል? ማን ይነዳል? ቀብሩ ያመልጠኝ ነበር። ደግሞ ያን ሁሉ ደክመህበት።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ሊነግሩኝ ተቀምጠው ሲጠብቁ እንዴት ሰምቻለሁ ልበላቸው?"

ብርድ ልብሱን ልመልስለት ከአንዴም ሁለቴ ሞክሬያለሁ። "ያ ከሲታ ልጅ በርዶት ሄደ ቢሏት እማዬ መቃብሯ ውስጥም አይመቻት" ብሎ እምቢ አለኝ። አሁንም አልጋዬ ላይ ነው። ጉራጊኛም ደግፌን ለምኜ እንደገና ጀምሬያለሁ። ቀድሜ የተማርኩት የለቅሶ ቃሎችን ነው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ያ ክላክስ። ሰው እናቱን ከድልድይ ሥር ብቻውን ሲያለቅስ እኔ ከላይ ሆኜ ቶሎ በል እያልኩ ጥሩምባ ነፋሁበት። ይህንንም አንስቼበት፣ በምን አፌ ይቅርታ እንደምልህ አላውቅም አልኩት።

ደግፌ እጁን እየታጠበ ነበር። ዞር ሳይል "እንኳን ነፋህ" አለኝ። "መነሳት አቅቶኝ ነበር። ክላክስህን ሰምቼ ነው የተነሳሁት። ባትነፋ እዚያው እቀር ነበር።"

እውነቱን ይሁን እኔን ለማጽናናት ብሎ ይሁን አላውቅም። ሰውዬው ነገር መደበቅ ከእኔ በጣም የተሻለ ይችላል።